የእናት ጭን ትምህርት ቤት፦ ሕፃናትን በጨዋታ፣ በተፈጥሮና በቤት ውሎ የማስተማር ሐሳብ ታሪክ



የትምህርትን ታሪክ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ ከሕንፃ እንጀምራለን። በአገራችን ከሆነ ወይ ከአብነት ትምህርት ቤቱ የዛፍ ጥላ፣ ወይ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንነሣለን። ሁለቱም ግን ልጁን የሚቀበሉት አፉን ከፈታ፣ እግሩን ካጸና፣ ቀኙን ከግራው ከለየ፣ የዘመዶቹን ስም ካወቀ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ማን አስተማረው? ታሪክ ጸሐፊው ጥያቄውን በዝምታ ያልፈዋል፤ ልጅ በራሱ ጊዜ የሚያድግ፣ አስተማሪም የማያሻው ይመስል።

ዛሬ የማቀርበው በዚያ ዝምታ ውስጥ ያለውን ታሪክ ነው። ትንንሽ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤት፣ በጨዋታ፣ በደጅና በዕለት ተዕለት ሥራ የማስተማር ሐሳብ በአሁኑ ጊዜ እንደ አዲስ ግኝት ይነገራል። አዲስ አይደለም፤ ወደ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ የጽሑፍ ታሪክ አለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። እናቶች ያለ ስም የሚሠሩት ሥራ በሌላ ሰው ብዕር «ዘዴ» ይሆናል፤ ከዚያም ተመልሶ እናቶች ሊማሩት የሚገባ ዕውቀት ተደርጎ ይሰጣቸዋል። የክርክሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስሁ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ታሪኩን ከሞራቪያው ተወላጅ ከያን አሞስ ኮሜኒየስ እጀምራለሁ። ኮሜኒየስ በ1592 ተወለደ፤ የቦሄሚያ ወንድሞች በሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ውስጥ ካህን፣ በኋላም ጳጳስ ሆነ። በ1620 የቦሄሚያ ፕሮቴስታንቶች ጦር በነጭ ተራራ ውጊያ ከተሸነፈ በኋላ ሕይወቱ የስደት ሕይወት ነበር። በ1622 የመጀመሪያ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በወረርሽኝ ሞቱ። በ1628 ከአገሩ ተሰድዶ በፖላንድ ሌሽኖ በምትባል ከተማ ተጠለለ። እዚያ ሆኖ ነው ስለ እናት ትምህርት ቤት የሚናገረውን አነስተኛ መጽሐፍ የጻፈው፤ የጀርመንኛው ቅጂ በ1633 ታተመ።

ሁኔታውን አስተውሉ። ጸሐፊው አገር፣ ቤትና ቤተሰብ ያጣ ሰው ነው። ማኅበሩ ትምህርት ቤቶቹን ተነጥቋል። የማኅበሩን ቋንቋ፣ እምነትና ጠባይ ወደ ልጆች ሊያሻግር የሚችል የቀረ ተቋም ቢኖር ቤት ብቻ ነው። እንግዲህ ኮሜኒየስ የሰው ልጅ ትምህርት በአራት ደረጃዎች እንዲከፈል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የመጀመሪያውን ስድስት ዓመት «የእናት ጭን» ብሎ መሰየሙ ለስላሳ ዘይቤ ብቻ አልነበረም። በስደት ላለ ሕዝብ የመጨረሻው ምሽግ የት እንደሆነ ማመልከቱ ነበር።

የመጽሐፉ ድንቅ ክፍል ኮሜኒየስ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጡትን የዕውቀት ዘርፎች አንድ በአንድ እያነሣ፣ የሁሉም ዘር በሕፃኑ ውሎ ውስጥ እንደሚገኝ የሚያሳይበት ነው። ውሃ፣ እሳት፣ ዝናብና በረዶ ምን እንደሆኑ ያወቀ ልጅ የፊዚክስን መጀመሪያ ይዟል። ብርሃንን ከጨለማ፣ ቀለምን ከቀለም የለየ የብርሃን ጥናትን ጀምሯል። ኮረብታና ሜዳን የለየ መልክዓ ምድርን፣ ትናንት የሆነውን ማስታወስ የቻለ ታሪክን፣ ብዙና ጥቂትን ያወቀ ሒሳብን፣ ረጅምና አጭርን የለየ ጂኦሜትሪን ጀምሯል። ልጁ ለምን ብሎ ሲጠይቅና ለተጠየቀው ሲመልስ ሥነ አመክንዮ ተጀመረ ማለት ነው።

ይህን ዝርዝር ሳነብ ዘወትር የሚታየኝ የእኛ ቤት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ ትፈቅዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ። ኮሜኒየስ የዘመን አቆጣጠር የሚጀምረው ሰዓትን፣ ቀንንና ሳምንትን ከመለየት ነው ይላል። በክርስቲያኑ ቤተሰብ ያደገ የእኛ ልጅ ከዚህ የበለጠ የተራቀቀ ሥርዓት ያገኛል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም መሆኑን ሰምቶ ሲያድግ፣ ሠላሳ ቀን ያለው ወር በአእምሮው ውስጥ ካስማ በካስማ ይተከላል። የቁጥር ተራ ከፈለጋችሁ የቡናው ሥርዓት አለ፤ ልጅ ገና ቡና ሳይጠጣ አቦል ከቶና፣ ቶና ከበረካ እንደሚቀድም ያውቃል። መለኪያ ከፈለጋችሁ ጋት፣ ስንዝርና ክንድ በገዛ አካሉ ላይ ናቸው፤ መስፈሪያው ዕፍኙ ነው። ገበጣ የተጫወተ ልጅ ጠጠሮቹን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲያድል መደመርና መቀነስን ብቻ ሳይሆን፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ማስላትን ይለማመዳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን እንቆቅልሽ ነው። እንደምታውቁት የእንቆቅልሹን ፍቺ ያጣ ተጫዋች «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፤ ጠያቂው አልፈልግም ቢል ሌላ ይጨምራል፤ ሐረርን፣ ወሎን፣ ሸዋን። ልጁ ለመሸነፍ እንኳ የአገር ስም ማወቅ አለበት። ካርታ ባልነበረበት ቤት፣ በምድጃ ዳር፣ በጨለማ የሚሰጥ የጂኦግራፊ ትምህርት ነበር። ይህን ሥርዓተ ትምህርት የነደፈ ኮሚቴ የለም፤ ደራሲውም አይታወቅም።

ወደ አውሮፓ ልመለስ። ከኮሜኒየስ በኋላ ያለውን ምዕተ ዓመት በፍጥነት አልፋለሁ። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» ልጅ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከነገሮች ይማር ብሎ ተከራከረ፤ መጽሐፉ በፓሪስም በጄኔቫም ተቃጠለ። ሩሶ ስለ ልጅ አስተዳደግ ይህን ያህል ይጻፍ እንጂ፣ የራሱን አምስት ልጆች ለማደጎ ቤት መስጠቱ የታወቀ ነው።

የስዊዘርላንዱ ዮሐን ሃይንሪኽ ፔስታሎትሲ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በ1781 ማሳተም በጀመረው ልብ ወለድ ውስጥ ገርትሩድ የምትባል የመንደር ሴት አለች። ባሏ መጠጥ የሚያሸንፈው ድሃ ግንበኛ ነው። ቤተሰቡን የምታቆመው እርሷ ስትሆን፣ ልጆቿ ጥጥ እየፈተሉ ኑሮን ያግዛሉ። ሒሳብ የምታስተምራቸውም በዚያው ሥራ ላይ ነው፤ ክሩን ያስቆጥራቸዋል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን እርምጃ ያስቆጥራቸዋል፣ የመስኮቱን መስታወቶች ያስቆጥራቸዋል። ከዚህ የሚበልጥ ትኩረት የሚያሻው ግን ቀጥሎ የሚሆነው ነው። የመንደሩን ትምህርት ቤት ማሻሻል የሚፈልጉት ሰዎች ወደ ገርትሩድ ቤት መጥተው አሠራሯን ይመለከታሉ፤ ትምህርት ቤቱም በእርሷ አምሳል ይደራጃል። የትምህርት ቤቱ መምህር የሚሆነው ግን ገርትሩድ አይደለችም፤ ወንድ ነው። ፔስታሎትሲ ሳያስበው ይመስለኛል፣ የሚቀጥለውን የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ትዕይንት አሳጥሮ ጻፈው።

በኢቨርዶን በሚገኘው የፔስታሎትሲ ተቋም ከ1808 እስከ 1810 የሠራው ፍሪድሪሽ ፍሮበል ይህን ሐሳብ አሁን በዓለም ሁሉ ወደሚታወቅ ተቋም ቀየረው። ፍሮበል በ1782 በጀርመን ቱሪንጊያ ተወለደ፤ እናቱ የሞተችው ዓመት ሳይሞላው ነው። በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል አነስተኛ ከተማ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 «ኪንደርጋርተን»፣ ማለትም የልጆች የአትክልት ስፍራ የሚል ስም ሰጠው። ስሙ ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ እየኮተኮቱ የሚያሳድጉት መደብ በእርግጥ ነበራቸው። «ስጦታዎች» ብሎ የጠራቸውን የጨዋታ ዕቃዎችም በተርታ አዘጋጀ፤ መጀመሪያ ከክር የተሠራ ለስላሳ ኳስ፣ ቀጥሎ የእንጨት ክብ፣ ኩብና ሞላላ ቅርጽ፣ ከዚያም ተከፋፍሎ የሚገጣጠም ኩብ።

በ1844 ደግሞ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚዘምሯቸውንና በጣት የሚጫወቷቸውን ጨዋታዎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ጨዋታዎቹን ከየት አመጣቸው? መንደርተኛ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ተመልክቶ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ግን ማብራሪያ መጣ፤ እያንዳንዱ የጣት ጨዋታ ምን ዓይነት ፍልስፍናዊ ትርጉም እንዳለው ለእናቲቱ ይነግራታል። ፍሮበልን አከብረዋለሁ፤ ለሴቶች የሙያ በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የጣት ጨዋታውን የፈጠረችው ሴት ስለ ጨዋታው ትርጉም ተማሪ ሆና መቅረቧን ሳላስተውል ማለፍ አይቻለኝም።

መንግሥታት ስለዚህ ጉዳይ ምን ያህል ይጨነቁ እንደነበር የሚያሳየው የ1851 ውሳኔ ነው። የፕሩሲያ መንግሥት በዚያ ዓመት ነሐሴ ኪንደርጋርተኖች እንዲዘጉ አዘዘ። ምክንያቱ ልጆችን ወደ ክሕደትና ወደ ሶሻሊዝም ይመራሉ የሚል ነበር፤ ፍሮበልን ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮበል ጋር ማምታታታቸውም ነገሩን አባባሰው። ፍሮበል እገዳው ሳይነሣ በ1852 ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው፤ ለዚህም ቤርታ ፎን ማረንሆልትስ ቢሎው የተባለችው መኳንንት ሴት ብዙ ደክማለች። የ1848ቱ አብዮት ገና ትኩስ ትዝታ ነበርና፣ በክር ኳስ የሚጫወቱ የአራት ዓመት ልጆች ለአንድ የጦር ኃያል መንግሥት ሥጋት መስለው ታዩ።

ፍሮበል የእናትን ጨዋታ ከቤት ወደ ተቋም ካወጣው፣ እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ሜሰን ወደ ቤት መልሳዋለች ማለት ይቻላል። ሜሰን ከ1842 እስከ 1923 የኖረች መምህርት ናት። በብራድፎርድ ከተማ የሰጠቻቸው ንግግሮች በ1886 «የቤት ትምህርት» በሚል ርእስ ታተሙ። በ1887 የወላጆች የትምህርት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1892 ደግሞ በሐይቆቹ አውራጃ በአምብልሳይድ የማሠልጠኛ ተቋሟን ከፈተች። ጊዜውን ልብ እንበል፤ እንግሊዝ የትምህርትን ግዴታ በሕግ ያጸናችው በ1880 ነው። መንግሥት ልጁን ወደ ክፍል ሲጠራ፣ ሜሰን እስከ ስድስት ዓመቱ ወደ ሜዳው ጠራችው።

ምክሯ እጅግ ተግባራዊ ነበር። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፣ አየሩ ደህና በሆነ ቀን ሁሉ፣ ልጆች በቀን አራት፣ አምስት፣ እንዲያውም ስድስት ሰዓት ከቤት ውጭ ይዋሉ። እናት ልጆቿን እዚያ ማዶ ያለውን ጎጆ ወይም ኩሬ አይተው እንዲመለሱ ትልካለች፤ ሲመለሱ ያዩትን ይነግሯታል፤ ያላስተዋሉትን ስትጠይቃቸው ተመልሰው ሮጠው ያያሉ። ከፍ ሲሉ ደግሞ የተነበበላቸውን ታሪክ በራሳቸው ቃል ይተርካሉ፤ ፈተናቸው መተረክ ነው። ተረት ሰምቶ፣ በማግሥቱ ለታናሹ አሳምሮ ለሚተርክ የእኛ ልጅ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም።

ይሁንና በቀን ስድስት ሰዓት ከልጆቿ ጋር ሜዳ ላይ የምትውለው እናት ማን ናት? እንጀራ የሚጋገርላት፣ ልብስ የሚታጠብላት ናት። የሜሰን የመጀመሪያ አንባቢዎች ሞግዚትና የቤት ሠራተኛ የነበሯቸው ባለጸጎች ነበሩ፤ በፖስታ የሚላከው ሥርዓተ ትምህርቷም በቅኝ ግዛቶች ለሚያገለግሉ ሹማምንት ቤተሰቦች ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በተፈጥሮ መካከል የሚያድገው ልጅ ነፃነት፣ በኩሽና በምትቀር ሌላ ሴት ድካም የተገዛ ነበር። የዚያች ሴት ልጆች ያን ጊዜ የት እንደዋሉ መጽሐፉ አይነግረንም። ለፍትሕ ሲባል ግን መጨመር ያለብኝ ነገር አለ፤ ሜሰን ራሷ በዚህ አልረካችም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ዘዴዋ በዮርክሻየር ድሪግሊንግተን በሚገኝ የማዕድን ሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ተሞከረ። የሀብታም ልጅ የሚያነበውን መጽሐፍ የድሃ ልጅም አንብቦ ሊተርከው እንደሚችል ማሳየት የኋለኛ ዘመኗ ዋና ጭንቀት ሆነ።

እስካሁን የጠራኋቸውን ሰዎች በአንድ ላይ ስናያቸው የሚገርም ነገር ይታያል። ኮሜኒየስ ሚስትና ልጆቹን ያጣ ስደተኛ ነው። ሩሶ ልጆቹን የሰጠ አባት ነው። ፍሮበል እናቱን የማያውቅ ልጅ ነው። ሜሰን በወጣትነቷ ወላጆቿን ያጣች፣ ያላገባች፣ ያልወለደች ሴት ናት። በ1977 በአሜሪካ ከትምህርት ቤት ውጭ ለሚያድጉ ልጆች ቤተሰቦች መጽሔት የጀመረው ጆን ሆልትም ትዳርም ልጅም አልነበረውም። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ምናልባት ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ብቻ ነው ሌላው እንደ አየር የሚተነፍሰውን ነገር የሚያየው። ነገር ግን አራት መቶ ዓመት የፈጀ ጽሑፍ ዋና ባለሙያዋን በሦስተኛ መደብ ብቻ መጥራቱ ለታሪክ ተመራማሪ ከባድ ጉዳይ ነው።

ሆልት የክፍል መምህር ነበር፤ በ1964 ልጆች እንዴት እንደሚወድቁ፣ በ1967 ደግሞ እንዴት እንደሚማሩ የሚናገሩ መጻሕፍት ጻፈ። ትምህርት ቤት እንዲሻሻል ተከራክሮ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ቤት ዞረ። በዚያው ዘመን ከሃይማኖት የተነሡ ወላጆችም ፍጹም በተለየ ምክንያት ወደዚያው በር መጡ። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የቤት ትምህርት በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ሆነ። በኪንደርጋርተን አገር በጀርመን ግን የተገላቢጦሽ ነው። በትምህርት ቤት መገኘት እንጂ መማር ብቻ አይበቃም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2006 በዚህ ጉዳይ የቀረበለትን አቤቱታ ሳይቀበል ቀርቷል። የጀርመን ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ልጅ ከራሱ ቤተሰብ ሌላ ሰው እንዲያይ፣ ከማይመስለው ልጅ ጋር ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ማኅበረሰቡ ድርሻ አለው ይላል። ቤት ዕውቀትን እንደሚያወርስ ሁሉ ጥላቻንም ያወርሳል፤ የሚደበደብ ልጅም የሚደበደበው ከትምህርት ቤት ይልቅ ማንም በማያይበት በቤቱ ሊሆን ይችላል።

እኛም ዘንድ ቢሆን የቀድሞውን ቤት ማሳመር አይገባም። የሜሰን ልጅ ሜዳ የሚወጣው አበባ ሊያይ ነው። የእኛ ልጅ የሚወጣው ጥጃ ሊጠብቅ ነው። እርሱም አበባውን፣ ወፉን፣ የደመናውን አመጣጥ ያውቃል፤ ምናልባትም የበለጠ ያውቃል፤ ዳሩ ግን ጥጃው የጎረቤት ገብስ ውስጥ ከገባ ማታ ይገረፋል። እኅቱ ከእናቷ አጠገብ ጥጥ ስትፈትል ጣቷ ይሠለጥናል፤ ወንድሟ ወደ የኔታ ሲላክ ግን እርሷ ከእንዝርቷ ጋር ትቀራለች። ጨዋታና ሥራ፣ ሥራና ብዝበዛ በአንድ ጓሮ ውስጥ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ለዛሬ ምን ያገባዋል ለሚለኝ ተማሪ የምመልሰው በሁለት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው፣ በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ የዜሮ ክፍል በየገጠሩ ተከፍቷል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ እናት ወደ ሥራ ስትሄድ ልጇን የምታውልበት ደህና ስፍራ ያስፈልጋታል። ሆኖም ስሙ እንደሚነግረን ክፍሉ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። አቦልና በረካን ለይቶ፣ በስንዝር ለክቶ፣ አገር ሰጥቶና ተቀብሎ የመጣ ልጅ ዜሮ ላይ እንዳለ ይመዘገባል። ከዚያም አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊደል በጅምላ እንዲጮህ ይደረጋል፤ ኮሜኒየስ ከስድስት ዓመት በፊት ልጅን ለብዙ ልጆች አንድ ለሆነ መምህር አትስጡ ሲል የፈራው ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የሆነው ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ የትምህርት ቤት ሸክም ወረደበት። የተላከለት ግን የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ነበር። ቤት በራሱ የሚያውቀውን እንዲያስተምር የጠየቀው አልነበረም። ያልተማረች እናት፣ ምሥር ለቅማና ዱቄት ሰፍራ የምታድር እናት፣ ልጇን ማስተማር የማትችል ተደርጋ ተቆጠረች፤ እርሷም ራሷን እንዲሁ ቆጠረች። ከማናቸውም የተቋም ውድቀት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የኋለኛው ነው።

በታሪክ ትምህርት ክፍላችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወደ አያቶቻችሁ ሂዱ እላለሁ። ልትጠይቋቸው የሚገባው ትምህርት ቤት ገብተው እንደሆነ አይደለም። እስከ ስድስት ዓመታችሁ ድረስ ማን ጋ ትውሉ ነበር፣ በምን ትጫወቱ ነበር፣ መቁጠርን በምን ለመዳችሁ፣ በእንቆቅልሽ ስትሸነፉ የትኛውን አገር ትሰጡ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከአውራጃ አውራጃ፣ ከቋንቋ ቋንቋ፣ ከሃይማኖት ሃይማኖት ይለያያል፤ በሴትና በወንድ አፍም ይለያያል። የሰማችሁትንም ከነተናጋሪው ስምና ፈቃድ ጻፉት። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ብናልፍ ደስ ይለኛል።